47 ሴንቲ ሜትሩን ማን ይክፈል? በጎንደር ተዳፋት ቦታ ላይ የተነሳ የልኬት ክርክር

ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ሲሉ የሚያገኙት ቦታ አብዛኛው ያዘቀዝቃል። ይህ ጥናት እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ በተሠራ አንድ የግል ሕንፃ የተነሳውን የልኬት ክርክር ይመለከታል። ሕንፃው ከምድር ቤቱ ጋር አራት ወለል አለው። ውሉ በባለቤቱና በተቋራጩ መካከል የተፈረመ ሲሆን፣ የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግንባታ ውል ጠቅላላ ሁኔታዎች የውሉ አካል ተደርጓል። ንድፉን የሠራውና ሥራውን የሚቆጣጠረው አንድ አማካሪ ነው። የተዋዋዮቹን ስም ትተነዋል።

በንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይዞታው ወርዱ 15.00፣ ከመንገድ እስከ ኋላ አጥር ያለው ርዝመት 24.00 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። የሕንፃው ርዝመት 20.40 ሜትር ነው፤ ከፊት 1.60፣ ከኋላ 2.00 ሜትር ይተዋል። ሲደመር ልክ 24.00 ይመጣል። ዓምዶቹ በርዝመት አምስት፣ በወርድ አራት ረድፍ ናቸው፤ በርዝመት በኩል በረድፍና በረድፍ መካከል 5.00 ሜትር አለ። በአጠቃላይ 20 ፉቲንግ (የዓምድ መሠረት) ይቆፈራል። በዚያው ገጽ ግርጌ፣ በብዙ የአገራችን ንድፎች ላይ እንደሚገኘው፣ «ተቋራጩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ልኬት በቦታው ላይ ያረጋግጥ» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል።

ተቋራጩ ቦታውን በሚያዝያ ተረከበ። ፎርማኑ ከፊት ለፊቱ የመንገድ መስመር 1.60 ሜትር ትቶ ሲባጎ ዘረጋ፣ አክሲሶቹን (የዓምድ ረድፎቹን መስመሮች) በጎማ ውሃ ልክና በቱንቢ አግድም እየለካ አስቀመጠ፣ ዲያጎናሎቹም (ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን ያሉት ርዝመቶች) እኩል መሆናቸውን አረጋገጠ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ሕንፃው በራሱ ልክ ተቀምጧል። ያልተለካው መሬቱ ነው። ከፊት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች፣ ማለትም ስምንት ፉቲንጎች ኮንክሪት ተሞልተው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ተቆፍሮ፣ በግንቦት መጨረሻ ቆፋሪዎቹ አምስተኛው ረድፍ ሲደርሱ ጉድጓዱ ወደ ጎረቤት የድንጋይ አጥር ከሚገባው በላይ ተጠግቶ ተገኘ። ያኔ ከፊት እስከ ኋላ አግድም ሲለካ ይዞታው 23.53 ሜትር ብቻ ሆነ። 47 ሴንቲ ሜትር ጎደለ።

ስህተቱ ከየት መጣ? የአማካሪው መረጃ ሰብሳቢ ሜትሩን በመሬቱ ላይ ዘርግቶ፣ ተዳፋቱን ተከትሎ ለክቷል። የቦታው ዝቅታ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ በአግድም በየአምስት ሜትሩ 1.00 ሜትር ይወርዳል። በተዳፋት ላይ የተለካ 24.00 ሜትር ወደ አግድም ሲቀየር ለ1.04 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ1.0198 ይካፈላል፤ ውጤቱ 23.53 ነው። በፕላን ላይ የሚጻፍ ማንኛውም ርዝመት አግድም ርዝመት ስለሆነ፣ 24.00 የሚለው ቁጥር ንድፉ ላይ መግባት አልነበረበትም። ስህተቱ ከዝቅታው ጋር እኩል አያድግም፤ ዝቅታው እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለዚሁ 24 ሜትር በ5 በመቶ ዝቅታ የሚጠፋው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። በ10 በመቶ 12፣ በ15 በመቶ 27፣ በ20 በመቶ 47፣ በ25 በመቶ 72 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሜዳማ ቦታ ላይ ለዓመታት የለካ ሰው በዚህ አገባብ ችግር ገጥሞት ስለማያውቅ በተዳፋት ላይም በዚያው እጅ ይለካል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ትክክለኛው ቁጥር በፋይሉ ውስጥ መኖሩ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔቶች (የምሥራቅና የሰሜን መገኛ ቁጥሮች) ተዘርዝረዋል፤ ስፋቱም 353 ካሬ ሜትር ተብሏል። ንድፉ ደግሞ 15 በ24፣ ማለትም 360 ካሬ ሜትር ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፋይል ታስረው ለግንባታ ፈቃድ ቀርበዋል፤ ባለቤቱም፣ አማካሪውም፣ ተቋራጩም ኮፒው በእጃቸው አለ። የ7 ካሬ ሜትር ልዩነቱን ማንም አላየም። ከሁለት ማዕዘን ኮኦርዲኔቶች ርዝመት ማውጣት ደግሞ ቀላል ነው፤ የምሥራቅ ልዩነቱን ካሬና የሰሜን ልዩነቱን ካሬ ደምሮ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። በስልክ ካልኩሌተር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። (ማዕዘኑን በእጅ ጂፒኤስ ፈልጋለሁ ማለት ግን ሌላ ስህተት መጋበዝ ነው። መሣሪያው በሜትሮች ሊስት ይችላል። ካርታው አዲንዳን በሚባለው የኮኦርዲኔት መነሻ ሥርዓት ተሠርቶ መሣሪያው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ ሥርዓት ከተስተካከለ ደግሞ ነጥቡ ብዙ ሜትር ርቆ ይወድቃል።)

ዲያጎናልን በሚመለከት ብዙ ፎርማኖች የሚሸወዱበት ነገር አለ። ተቃራኒ ጎኖች እኩል ሲሆኑ የሁለት ዲያጎናሎች እኩል መሆን ማዕዘኑ ስኳድራ (ልክ 90 ዲግሪ) መሆኑን እንጂ ጎኖቹ ትክክለኛ ርዝመት እንዳላቸው አይናገርም። ይዞታው 15.00 በ23.53 ቢሆንም ሁለቱ ዲያጎናሎች እኩል ናቸው። ጉድለቱ የሚታየው የተለካው ዲያጎናል ከተሰላው ጋር ሲነጻጸር ነው። በንድፉ መሠረት የይዞታው ዲያጎናል 28.30 ሜትር መሆን ነበረበት፤ ቦታው ላይ ያለው 27.90 ነው። አንድ ሰው ዲያጎናሉን አግድም ለክቶ ከስሌቱ ጋር ቢያስተያየው ኖሮ 40 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ዓይኑ ሥር ይወድቅ ነበር።

ተዳፋትን አግድም ለመለካት ቶታል ስቴሽን (የኤሌክትሮኒክ የቅየሳ መሣሪያ) ከሌለ ደረጃ በደረጃ መውረድ ይበቃል። ሜትሩ ከላይኛው ካስማ ጫፍ ይያዛል፣ ወደ ታች በኩል ያለው ሰው በጎማ ውሃ ልክ እያስተካከለ አግድም ይወጥረዋል፣ ከዚያ በቱንቢ ነጥቡን መሬት ላይ ያወርዳል። በ20 በመቶ ዝቅታ ላይ የአንድ ጊዜ ርዝመት ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ በ5 ሜትር የታችኛው ጫፍ 1.00 ሜትር ከፍ ስለሚል ሰው ደረቱ ላይ ይዞ መወጠር ይችላል። በ10 ሜትር ግን 2.00 ሜትር ይሆናል፤ ከራስ በላይ ተይዞ የረገበ ሜትር አያስተማምንም። ሲጨረስ ከታች ወደ ላይ ተመልሶ መለካትና ሁለቱን ማስተያየት ይገባል። ለእንዲህ ያለ ይዞታ ሦስት ሰው ይህን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ወደ ኃላፊነቱ እንምጣ። ባለቤቱ ማስታወሻውን ይዞ «ሁሉንም አረጋግጥ ተብለሃል፤ ጥፋቱ ያንተ ነው» አለ። ተቋራጩም በበኩሉ «ቁጥሩን የሰጠኝ አማካሪው ነው» አለ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

የ1994ቱ ጠቅላላ ሁኔታዎች አንቀጽ 17 እንዲህ ይደነግጋል፦ መሐንዲሱ (እዚህ አማካሪው) በጽሑፍ ከሰጣቸው መነሻ ነጥቦች፣ መስመሮችና ከፍታዎች ተነስቶ ሥራውን በትክክል ቦታ ማስያዝ የተቋራጩ ኃላፊነት ነው። ስህተት ሲገኝ በራሱ ወጪ ያርማል። ስህተቱ መሐንዲሱ በጽሑፍ ከሰጠው የተሳሳተ መረጃ የመነጨ ከሆነ ግን የማረሚያውን ወጪ አሠሪው (እዚህ ባለቤቱ) ይሸከማል። መሐንዲሱ አይቶ ማጽደቁም ተቋራጩን ከኃላፊነት አያወጣውም። በዚህ አንቀጽ ብቻ ከተሄደ 24.00 የሚለው ቁጥር በንድፍ ላይ በጽሑፍ የተሰጠ ነውና ተቋራጩ ጠንካራ መሠረት አለው። ነገር ግን አንቀጽ 11 ተቋራጩ ቦታውን፣ አካባቢውንና የመሬቱን ቅርጽ አይቶና መርምሮ ዋጋ እንዳቀረበ ይቆጥረዋል። 20 በመቶ የሚያዘቀዝቅ ቦታን ያየ ተቋራጭ ርዝመቱ እንዴት እንደተለካ መጠየቅ ነበረበት የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሳል።

ውሉ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ቀዩ የፊዲክ መጽሐፍ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን መደበኛ የግንባታ ውል) ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ያጋድል ነበር። አንቀጽ 4.7 ለመነሻ ነጥቦች ስህተት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ተቋራጩ ግን ከመጠቀሙ በፊት ትክክለኛነታቸውን ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት እንዲያደርግ ያዛል። ጊዜና ወጪ የሚጠይቀውም ልምድ ያለው ተቋራጭ ስህተቱን በምክንያታዊ ጥንቃቄ ሊደርስበት የማይችል ከሆነ ነው። በአንድ ሰዓት ልኬት የሚገኝን 47 ሴንቲ ሜትር «ልደርስበት አልችልም ነበር» ማለት ከባድ ነው። በዚያ ላይ አንቀጽ 20.1 ጥያቄው ምክንያቱ በታወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲቀርብ ያስገድዳል፤ ካለፈ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስህተት በሁለት ውሎች ሁለት ዓይነት ከፋይ ሊኖረው ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ያስገድዳል ይላልና፣ ክርክር ከመጀመሩ በፊት የትኛው ጠቅላላ ሁኔታ ከውሉ ጋር እንደተያያዘ ማየት ይቀድማል።

የንድፉን ማስታወሻ በተመለከተ ያለን አቋም ግልጽ ነው። «ሁሉንም ልኬት ያረጋግጥ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተቋራጩን የአማካሪው የቅየሳ ሥራ ዋስ አያደርገውም። የሚያስገድደው ነገር በሜትር፣ በውሃ ልክና በእጁ ባለ ወረቀት ሊያገኘው የሚችለውን ልዩነት ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት እንዲፈልግና ሲያገኝ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረን ወይም ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅን ስህተት በዚህ ማስታወሻ ተቋራጩ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ስህተቱ በቀላሉ የሚገኝ ነበር። ተቋራጩ ቁጥሩን ባይፈጥረውም ስምንት ፉቲንግ እስኪሞላ ሳይለካ መቅረቱ የራሱ ድርሻ ነው። አራቱም ረድፎች ከመነካታቸው በፊት ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ደብዳቤና በንድፍ ማስተካከያ ያበቃ ነበር።

ተቋራጩን ያዳነው አንድ ነገር ቢኖር የሳይት መዝገቡ ነው። ጉድለቱ በተገኘበት ቀን ፎርማኑ 23.53 የሚለውን ልኬት ጽፎ የአማካሪውን ተቆጣጣሪ አስፈርሟል። መደበኛው ደብዳቤ የተጻፈው ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሁሉም ነገር በስልክ ነበር። መጻፍ የነበረበት ደብዳቤ ከዚህ አይረዝምም፦

«በዛሬው ቀን ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በተገኙበት በተደረገ ልኬት የይዞታው አግድም ርዝመት 23.53 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። በንድፉ ላይ የተመለከተው 24.00 ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት በአክሲስ 5 ላይ ያለውን ሥራ ያቆምን መሆኑን፣ ከአክሲስ 1 እስከ 3 ያለው ሥራ የሚቀጥል መሆኑን እናሳውቃለን። መመሪያ በጽሑፍ እንዲሰጠን እየጠየቅን፣ የጊዜና የወጪ ጥያቄያችንን ዝርዝር እናቀርባለን።»

የትኛው ሥራ እንደቆመና የትኛው እንደሚቀጥል ማስፈሩ ዋጋ አለው፤ ያለበለዚያ በኋላ «ሙሉ ሳይቱ ቆመ» የሚል ስሌት ሲቀርብ ማንም አይቀበለውም። እዚህም የሆነው ይኸው ነው።

መፍትሔው የመጨረሻውን ክፍተት ከ5.00 ወደ 4.53 ሜትር ማሳጠር ሆነ። ሕንፃውን ወደ ፊት መግፋት አይታሰብም፤ የፊቱ ፉቲንጎች ተሞልተዋል፣ የመንገዱ መስመርም አይፈቅድም። ደረጃው በዚያው ክፍተት ውስጥ ስለነበር ማረፊያው ከ1.50 ወደ 1.30 ሜትር ጠበበ፤ ቢሞቹና ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) እንደገና ተሰሉ፣ ንድፉም ለማዘጋጃ ቤቱ ቀርቦ ጸደቀ። ይህ ሁሉ 31 ቀን ወሰደ። የቁፋሮው ወጪ ራሱ ኢምንት ነው፦ አራት ጉድጓዶች በ47 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገፉ፣ ጉድጓዱ 2.20 ወርድና 2.00 ሜትር ጥልቀት ስላለው፣ ተጨማሪው ቁፋሮ 8.3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ይህንኑ ያህል እየጠቀጠቁ መልሶ መሙላት ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሄደው ቆመው በዋሉት ሠራተኞችና ማሽኖች ላይ ነው።

ባለቤቱ በየወለሉ 5.8፣ በአራቱ ወለል 23.3 ካሬ ሜትር ስላጣ ተቋራጩ እንዲክሰው ጠይቆ ነበር። ይህ ጥያቄ ትክክል አልነበረም። ያ ወለል የሚያርፍበት መሬት ቀድሞውኑ አልነበረም፤ ተቋራጩ ቢለካ ስህተቱ ቶሎ ይታወቅ ነበር እንጂ ቦታው አይሰፋም።

ክርክሩ ሲራዘም ሰኔ ገባ። ክፍት የቀሩት አራት ጉድጓዶች ውሃ ቋጠሩ፤ ከጎረቤቱ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ አጥር ስድስት ሜትር ያህሉ ተናደ። ተቋራጩ «ንድፉ ልክ ቢሆን ጉድጓዱ ከአጥሩ ይርቅ ነበር» ብሎ ይህንንም ወደ አማካሪው ለመግፋት ሞከረ። ስሌቱ አይደግፈውም። የአጥሩ መሠረት 50 ሴንቲ ሜትር፣ ጉድጓዱ 2.00 ሜትር ጥልቀት አላቸው፤ ልዩነቱ 1.50 ሜትር ነው። ከአጥሩ መሠረት በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ጉድጓዱን እንዳይነካው ጉድጓዱ ቢያንስ 1.50 ሜትር መራቅ ነበረበት። በቦታው የተገኘው ርቀት 63 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ንድፉ ልክ ቢሆን እንኳ 1.10 ሜትር ብቻ ይሆን ነበር። በሁለቱም ሁኔታ የጣውላ ድጋፍ ግድ ነበር። የቁፋሮ ጥበቃና የጎረቤት ንብረት የተቋራጩ ግዴታ በመሆኑ አጥሩን የሠራው እሱ ነው፤ አግባብም ነበር።

ከፍታን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ተነሱ። አማካሪው የሰጠው መነሻ ከፍታ አንድ ብቻ ነበር፦ የመንገድ ዳር ድንጋይ አናት፣ 100.00። ንድፉ ካለቀ በኋላ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ድንጋዩ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደገና ተቀመጠ። ነጥቡ አንድ ብቻ ስለሆነ ተቋራጩ የሚያመሳክርበት አልነበረውም። የመጡት ጥቂት የጥልቀት ማስተካከያዎች በአንቀጽ 17 መሠረት በባለቤቱ ተከፈሉ። ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ነጥብ ተራርቀው ካልተሰጡ ቦታውን ላለመረከብ መጻፍ ያዋጣል።

ሁለተኛው የቁፋሮ መጠን ነው። ንድፉ የመሬቱን ከፍታ በሁለቱ ጫፎች ብቻ ለክቶ መካከሉን ቀጥ ባለ መስመር አገናኝቷል። መሐል ላይ ግን ጉብታ ነበር፤ ተቋራጩ 8 በ12 ሜትር ቦታ ላይ አማካዩ 35 ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ 33.6 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። ጉብታው እንደነበረ አማካሪውም አልካደም። ነገር ግን ከጽዳቱ በፊት በጋራ የተያዘ የከፍታ ልኬት ስላልነበረ የጠየቀውን አላገኘም። የሥራ ዝርዝሩ መጠን ግምት ነው፤ የሚከፈለው የተለካው ነው። ከተነሳ በኋላ ግን የሚለካ ነገር አይኖርም። በየ3 ሜትሩ ከፍታ ተወስዶ ሁለቱም ወገን የፈረሙበት አንድ ገጽ ይህን ገንዘብ ያስከፍል ነበር።

የመስኮቶቹ ጉዳይ አጭር ነው፤ የሚያከራክርም አልነበረም። በንድፉ ክፍተቱ 1.50 በ1.50 ስለሚል ተቋራጩ 28 የአልሙኒየም ፍሬሞችን በ1.49 አሠራ። የብሎኬት ክፍተት ከ1.48 እስከ 1.52 ይለያያል፤ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ልስን ሲገባበት ደግሞ 1.46 አካባቢ ይቀራል። ፍሬሞቹ አልገቡም። ግንበኞቹ መጀመሪያ ጎኑን በመሮ መጥረብ ጀመሩ፤ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ የፍሬሙ ብሎንም የሚይዘው ያጣል። ተቆጣጣሪው አስቆማቸው። ፍሬሞቹ ተፈትተው፣ አግድም ፕሮፋይሎቹ ተቆርጠው፣ መስታወቱም አጥሮ እንደገና ተገጠመ። መስታወቱ ተራ ስለነበር ተቆረጠ እንጂ ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ቢሆን ኖሮ መጣል ነበረበት። ክፍተት የሚለካው ልስን ካለቀ በኋላ ነው፤ ወርዱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ቁመቱም እንዲሁ በሦስት ቦታ፣ ዲያጎናሉም ይለካል። ትንሹ ቁጥር ተወስዶ በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል፣ እያንዳንዱ መስኮትም የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። ተቋራጩ የገነባውን ራሱ ስላልለካ ሙሉ ወጪውን ቻለ።

በመጨረሻ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ተዘጋ። አማካሪው የማሻሻያ ንድፉን ያለክፍያ ሠራ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ የማቅረቡንም ወጪ ሸፈነ። ባለቤቱ 31 ቀን የጊዜ ማራዘሚያ ሰጠ፣ የመዘግየት ቅጣትም አላነሳም። ተቋራጩ የ8.3 ሜትር ኩቡን ቁፋሮና ሙሌት፣ አጥሩንና መስኮቶቹን ወሰደ፤ የቆመበትን ጊዜ ወጪም ተወው፣ ምክንያቱም ከአክሲስ 1 እስከ 3 ሥራ እንዳልቆመ የራሱ የሳይት መዝገብ ያሳያል። በስምምነቱ ሰነድ ላይ መልሶ የተሞላው አፈር የተጠቀጠቀበት የፍተሻ ውጤት ተያይዟል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት፣ ከመሬቱ ጠባይ የሚመጣውን ጉዳት ጨምሮ፣ ዋስ እንዲሆን ስለሚያስገድድና ይህን የሚያሳጥር ስምምነት ዋጋ ስለሌለው፣ ሰነዱን ማያያዙን የጠየቀው ተቋራጩ ራሱ ነበር።